አልሳፈርም ያለችው ሴት

ያኔ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ የምሠራው ሥራዬን ነበር። ተከላካይ ጠበቃ ነኝ፤ ጠበቃ የመቅጠር ዐቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ያቆመኝ፣ ጋምቤላ ከተማ ፍርድ ቤት የምከራከር። ተከሳሹ የሰፈር ልጅ ሲሆን መንገድ ላይ አስቁመው ይመርቁኛል። ከድንበር ማዶ የመጣ ሲሆን ያው መራቂ ሰላም ሳይለኝ ያልፋል።

የተወለድኩት አቦቦ ነው። ወላጆቼ በሠፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። ከአኙዋ ልጆች ጋር እየተጫወትኩ ስላደግኩ አኙዋኛ እናገራለሁ። ኑዌርኛ ግን ከሰላምታ አላልፍም። ስለዚህ አሁን ታሪኳን ከማወራው ሴት ጋር የተግባባነው በእንግሊዝኛ ነበር።

ከተማው ውስጥ ረብሻ ተነሥቶ ገና መብረዱ ነበር። ሱቆች ግማሽ በር ከፍተው ይሸጣሉ። ፖሊስ ቤት ለቤት እየፈተሸ መታወቂያ የሌለውን ይይዛል። አንድ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ከኒውላንድ ሰፈር የመጣች ሴት በሩን ተደግፋ ቆማለች። ገበያ ላይ የደረቀ ዓሣ ስትሸጥ አውቃታለሁ። ሟች ባሏ የዚህ አገር ሰው ነበር፤ ልጆቿን እዚሁ ነው ያሳደገችው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም።

«እህቴ፣ የእህቴ ልጅ ወሰዱ» አለችኝ። «እሷ ሌባ አይደለም። እሷ አስተማሪ ነው። ዛሬ መኪና ይጭናል፣ ድንበር ይወስዳል።»

«ማን ነገረዎት?»

«ፖሊስ ራሱ። ልብሱን አምጪ አለኝ።»

የያዘችውን ፌስታል አሳየችኝ። ቀሚስና ነጠላ ጫማ ነበረበት። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ተመልሼ ወጣሁ፤ ባጃጅ ይዘን ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄድን። መንገድ ላይ ነገሩን አስረዳችኝ። የእህቷ ልጅ ከደቡብ ሱዳን የመጣችው በእግሯ ነው። ዋናውን መንገድ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ስለዘጉት የድንበር ኬላው ጋ መድረስ አልቻለችም፤ ሣር ለሣር ተደብቃ፣ ወንዝ አቋርጣ ገባች። አክስቷ ቤት ደርሳ ባደረች በማግስቱ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ስደተኞች መመዝገቢያ ቢሮ ሄዱ። ቢሮው በረብሻው ምክንያት ዝግ ነበር፤ ዘበኛው «ሲረጋጋ ተመለሱ» አላቸው። ሳይረጋጋ ፖሊስ መጣ።

ግቢው ውስጥ ስንገባ አንድ ፒክአፕ ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል። ኋላው ላይ ሰዎች ተጭነዋል። ከመኪናው ፊት፣ አቧራው ላይ፣ ረዥም ቀጭን ሴት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሁለት ፖሊሶች አጠገቧ ቆመው ምን እንደሚያደርጓት ግራ ገብቷቸዋል። አንደኛው «ተነሽ» ይላል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይለበልባል፤ ላቧ ካንገቷ ወደ ደረቷ ይወርዳል፤ አትጠርገውም።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና ማን እንደሆንኩ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። «መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አልፈልግም። በማውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ አልሳፈርም ብያቸዋለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «ጠዋት አንድ ሽማግሌ ወስደዋል። ጆሮው አይሰማም። ሲጠይቁት ራሱን ነቀነቀ፤ እሱ ለሁሉም ነገር ራሱን ይነቀንቃል። ፈቅዷል ብለው ጫኑት።»

የጣቢያው ኃላፊ ከቢሮው ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ማለት አለብኝ። የደከመው፣ ዐይኑ የቀላ፣ ሰሞኑን ያልተኛ ሰው ነበር። ከበላይ «ከተማውን አጽዱ» ተብሎ ነበር፤ ቃሉን ራሱ ነው የነገረኝ። ሰው እንዴት እንደሚጸዳ ግን አልነገሩትም።

«ጠበቃ፣ እነዚህ በፈቃዳቸው ነው የሚመለሱት» አለኝ።

«ይህቺ ሴት አልፈቀደችም።»

«ያለፈቃድ ድንበር ጥሳ ነው የገባችው። ሕግ ጥሳለች።»

«ከጣሰች ፍርድ ቤት አለ። ፒክአፕ አይፈርድም።»

ፖሊሶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ኃላፊው «እርስዎ እኮ የዚህ አገር ልጅ ነዎት» አለኝ። ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰው እንዲህ የሚለኝ ከማን ወገን መቆም እንዳለብኝ ሊያስታውሰኝ ሲፈልግ ነው።

«የዚህ አገር ልጅ ስለሆንኩ ነው» አልኩት። «ይህ አገር ሰውን ወደሚገደልበት፣ ወደሚሰቃይበት ቦታ አልመልስም ብሎ ፈርሟል። ያለመመለስ መርህ ይባላል። የራሳችን የስደተኞች አዋጅም ውስጥ አለ። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳዩ ታይቶ እስኪወሰን ድረስ ማንም አያስወጣውም። እኔም አላስወጣም፣ እርስዎም አያስወጡም።»

«ወረቀት የላትም እኮ!»

«ስደተኛ የሚያደርጋት ወረቀቱ አይደለም፤ የሸሸችው ነገር ነው። ወረቀቱ ያንን የሚመሰክር ብቻ ነው። ደግሞ ልትመዘገብ ሄዳ በሩን የዘጋነው እኛ ነን።»

ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ የጠበቃ ካባዬን ቦርሳዬ ውስጥ እንደያዝኩ ሄጄ ከሴትዮዋ አጠገብ ቆምኩ። አክስትየዋም ፌስታሏን ይዛ መጥታ በሌላው ጎኗ ቆመች። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ኃላፊው ስልክ ደወለ፤ ከአንዱ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገረና ተመልሶ መጣ። «ፍርድ ቤት ትቅረብ» አለ። እኔም ተጭነው የነበሩትን ሰዎች እያሳየሁ «እነሱም» አልኩት። በረዥሙ ተነፈሰና እንዲወርዱ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ ከመኪናው ሲወርድ ጎማውን ይዞ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ችሎት ቀረብን። ዐቃቤ ሕጉ ጓደኛዬ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ባንድ ክፍል ነው የተማርነው። ያን ቀን ግን ዐይን ለዐይን አልተያየንም። ያለፈቃድ መግባቷን፣ ስደተኛ መሆኗም በማንም አለመረጋገጡን፣ ከተማው ውስጥ የጸጥታ ችግር እንዳለ አስረዳና ጥፋተኛ ተብላ ወደመጣችበት እንድትመለስ ጠየቀ።

ዳኛው ሴትዮዋ እንድትናገር ፈቀዱ። በኑዌርኛ ተናገረች፤ የችሎቱ አስተርጓሚ ወደ አማርኛ መለሰ። ረጅም ነበር የተናገረችው። እጆቿ ወንበር ሲደረድሩ፣ መስኮት ሲከፍቱ፣ አንድን ልጅ ታቅፈው ሲያሻግሩ አየሁ። አስተርጓሚው እስክትጨርስ ጠብቆ «ጦርነት ስለነበረ ሸሸሁ ትላለች» አለ።

እሷ አማርኛ አትችልም። ግን ወደ እሱ ዞረች። ቀጥላም ወደ እኔ፣ በእንግሊዝኛ፦ «ያን ያህል ረጅም ነገር ይህን ያህል አጭር ሊሆን አይችልም። ልጆቹን ከታሪኩ አስቀርቷቸዋል። ልጆቹ የሌሉበት የእኔ ታሪክ አይደለም።»

ይህንኑ ለዳኛው አመለከትኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አስተርጓሚውን «የተናገረችውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር» አሉት። እንደገና ጀመረች። በዚህኛው ዙር ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር፣ ልክ ተማሪ እንደምታስጽፍ፣ እየቆመችና እየጠበቀችው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ከፍ ከፍ ያሉትን ወንዶች ልጆች ለውጊያ ስጪን አሏት። ነገ ተመለሱ፣ ወላጆቻቸውን ላናግር አለቻቸው። ወዲያው እንደሄዱ ልጆቹን በኋላ መስኮት አውጥታ ወደ ጫካ ሰደደቻቸው። በማግስቱ ሰዎቹ ባዶ ክፍል አገኙ። ትምህርት ቤቱን አቃጠሉት፤ ቀጥለው ቤቷን። የሷን ስም እየጠሩ ይፈልጓት ነበር። «አሁን ብትመልሱኝ የሚቀበለኝ መንግሥት አይደለም። እነዚያ ሰዎች ናቸው» አለች።

አስተርጓሚው ራሱ ድምፁ ተለውጦ ነበር።

ተራዬ ደርሶ ስቆም የምለውን በደንብ አውቅ ነበር። የጄኔቫው የስደተኞች ስምምነት ሕይወቱን ለማዳን ሸሽቶ ያለፈቃድ የገባን ሰው፣ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ካቀረበና በቂ ምክንያት ካለው፣ በመግባቱ ብቻ አትቅጡት ይላል። እሷ በማግስቱ ነው የሄደችው። ስለ ጸጥታ ሥጋት ለተነሣው መከራከሪያ፦ ሥጋት ካለ በእሷ ላይ ያለው ማስረጃ ይቅረብ፤ የመጣችበት አገር ማስረጃ አይደለም አልኩ። የማሰቃየት ድርጊትን የሚከለክለው ስምምነት ደግሞ ሰውን ወደሚሰቃይበት መመለስን ሲከለክል የሚተወው ሰው የለም፤ ወንጀለኛውንም፣ ማንንም።

ዳኛው አቋረጡኝ። «ጠበቃ፣ ይህ የጠቀሱት የውጭ ሕግ እዚህ ችሎት ምን ያደርጋል?»

«የውጭ አይደለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑ ሕገ መንግሥቱ ይናገራል። የአፍሪካ አገሮች የስደተኞች ስምምነታቸውን የፈረሙትም አዲስ አበባ ላይ ነው። ያ ስምምነት ከጄኔቫው አልፎ ሄዶ፣ የሚፈልገው ጠላት ባይኖረው እንኳ አገሩ በጦርነት ስለታመሰ ብቻ የሸሸን ሰው ስደተኛ ብሎታል። ጥገኝነት መስጠትም በማንም ላይ እንደ ጠላትነት አይቆጠርም ብሏል። እኛው ደጅ የተጻፈውን ነው የምጠቅሰው።»

ዳኛው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሩት፤ እስከዚያ ማንም እንዳያስወጣት አዘዙ። አብረዋት ለተያዙትም እንዲሁ። ስለ ሽማግሌው ጠየቅኩ። ኃላፊው ቀርቦ «መኪናው ደርሶ ተመልሷል» አለ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሰውዬው የለም፤ መኪናው ብቻ ነው ያለው።

ወሬ ከእኔ ቀድሞ አቦቦ ደረሰ። ቅዳሜ ወላጆቼን ልጠይቅ ስሄድ እናቴ ግቢው ውስጥ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ወንድሜ ጥላው ሥር ተቀምጧል። ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ ቀደም ባለ ረብሻ ድንጋይ ጉልበቱን አድቅቆት እስካሁን ያነክሳል። ማን እንደወረወረው አልታወቀም። ሰፈሩ ግን ወረወሩ የሚላቸውን ራሱ መርጦ ጨርሷል።

«ለእነሱ ቆመሽ ከመኪና ፊት ተጋደምሽ አሉ» አለች እናቴ።

«አልተጋደምኩም እማዬ፣ ቆሜ ነበር።»

«ለወንድምሽስ ማን ቆመለት?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቄ መንገዱን ሁሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። ስደርስ ግን ያዘጋጀሁት ጠፋኝ። «ማንም አልቆመለትም» አልኩ። «ልክ አልነበረም። የመታው ሰው ቢያዝ ካባዬን አውልቄ ምስክር እሆንበታለሁ። ይህቺ ሴት ግን አልመታችውም። ያኔ እዚህ አገርም አልነበረችም። ለሱ ካሳ እንዲሆን እሷ ትገደል?»

«ትገደል አልወጣኝም!» ብላ ጮኸች እናቴ።

«መኪናው የሚወስዳት እዚያ ነው።»

ወንድሜ አስቆመኝ። «ተይ፣ በቃ፣ ገብቷታል» አለኝ። ለራሱ ምን እንደተሰማው አልነገረኝም። ተነሥቶ እያነከሰ ውሃ ሊያመጣልኝ ሄደ።

እናቴ መፈልፈሏን ተወች። ከዚያ ስለ ሠፈራው፣ ልጅ ሆኜ ስጠይቃት «ያለፈ ነው» እያለች ስታልፈው የኖረችውን፣ ነገረችኝ። ገበያ ወጥታ ሳለች ወታደሮች ገበያውን ከበው ሰዉን ይጭኑ ጀመር። «እናቴ ቤት ትጠብቀኛለች ብዬ ለመንኳቸው። አንዱ ሳቀ። ያ ሰው ፊቱ ዛሬም አይጠፋኝም። እናቴን ዳግመኛ አላየኋትም» አለች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «እንሂድ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። አልሳፈርም ማለት እንደሚቻልም አላውቅም ነበር።»

አጠገቧ ተቀምጬ በቆሎውን አብሬያት ፈለፈልኩ። ልሄድ ስነሣ ግን ጎረቤታችን በአጥር በኩል ነገር ሊወረውርልኝ አፉን ሲከፍት፣ እናቴ ቀድማው «ልጄ ሥራዋን ነው የምትሠራው! የማትወደው ከሆነ እዚያው ቤትህ!» አለችው። ከአፏ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ክሱን ዘጉት። በመግባቷ እንደማትቀጣ፣ ጉዳይዋ በሚመለከተው ክፍል እስኪታይ ማንም እንዳያስወጣት፣ እንድትመዘገብም ወሰኑ። ሴትዮዋ ውሳኔው ሲነበብ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ውጪ ስንወጣ ግን የችሎቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አክስቷ በላይዋ ላይ ቆማ «ይበቃል፣ ሰው ያያል» ትላታለች፤ እሷም ታለቅሳለች።

ዐቃቤ ሕጉ ወጥቶ አልፎን ሄደ፤ ተመለሰና «እኔም እንዲመለሱ አልፈልግም ነበር» አለኝ። «ታዲያ ለምን ጠየቅህ?» አልኩት። ፋይሉን አቅፎ ደረጃውን ወረደ። እኔም አላጽናናሁትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የበላዬ ቢሮው ጠራኝ። የፖሊስን ሥራ አደናቅፋለች የሚል ቅሬታ መጥቷል አለኝ። በር ዘግቶ፣ ሻይ አዝዞልኝ፣ በመልካም ቃል ነው ያናገረኝ።

«ኃላፊውን ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ። ምን አለበት?»

«ምን አጥፍቼ?»

«መኪና ፊት መቆም ከጠበቃ አይጠበቅማ።»

«መኪናው ባይቆም ኖሮ የምከራከርላት ሰው አትኖርም ነበር። ሽማግሌው አመለጠን። ለእሱም ብደርስለት ኖሮ እንደዚያው አደርግ ነበር። ይቅርታ አልጠይቅም።»

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወርኩ። ለሥራው ተፈልገሽ ነው አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ሕጉ እዚያም ያው ሕግ ነው። ዕቃዬን የጫነልኝ ወንድሜ ነበር፤ በዚያ እግሩ ፍራሹን ተሸክሞ «ከዚህም ካባረሩሽ ወደ አቦቦው ግድብ ነው የምንጥልሽ» እያለ ሳቀብኝ።

ሽማግሌውን አላገኘነውም። በማዶ ያሉ ሰዎችን በአክስትየዋ በኩል አስጠይቀናል፤ ከድንበሩ ወዲያ ሲራመድ ያየው አለ፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። አናጢ ነበር ይላሉ። ለፖሊስ ጣቢያው፣ ከጣቢያውም በላይ ላሉት ጽፌያለሁ። አልመለሱልኝም። አሁንም እጽፋለሁ፤ እኔን እስኪሰለቸኝ ሳይሆን የሚያነበውን ሰው እስኪሰለቸው ድረስ።

አስተማሪዋ ተመዝግባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ክፍሏ በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ ልጆች መስኮቱ ላይ ሳይቀር ተቀምጠው ይማራሉ። አማርኛ ጀምራለች፤ ከአክስቷ የተማረችው ስለሆነ ሁሉንም ሰው እንደ ዓሣ ገዢ ነው የምታናግረው። ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። የሴት ተማሪዎቿ መጸዳጃ ቤት በር የለውም፤ በዚህ የተነሣ ትልልቆቹ ልጃገረዶች መምጣት እያቆሙ ነው። ለአስተዳዳሪው ነግራዋለች፣ በጀት የለም ብሏታል።

«የትኛው ሕግ ነው በር የሚያስገጥምልኝ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እየጠበቀችኝ ነበር። የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከአገሬው ልጅ እኩል እንዲታይ ስምምነቱ እንደሚያዝ ነገርኳት። አንቀጹን አስጻፍኳት። እርሳስ ስትቀርጽ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ስትጽፍ በስልኩ ይሰማኛል።

«ይሄ ይበቃል?» አለች።

«ለመጀመር ይበቃል። እምቢ ካለሽ ደውዪልኝ፣ እመጣለሁ።»

«አሁኑኑ ነይ» አለችኝ። «እምቢ ብሏል አልኩሽ እኮ።»